ደሴቷ ላይ የዘጋሁት ስልክ

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ፍለጋ አይደለም። ይቅርታ የሚጠየቀው የበደሉት ሰው ነው፤ የበደልኳት ሰው ደግሞ አታናግረኝም። የምጽፈው ከእናንተ መካከል ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ስልክ ተደውሎለት «ለጊዜው እንዳትነግሪያት» የሚባል ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። እኔ ተብያለሁ። እሺ ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ደግሞ ራሴው ልንገራችሁ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ይሻላል።

ሂሩት እባላለሁ። ነገሩ የሆነው በ2021 በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። በዲቪ ኮለምበስ ኦሃዮ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ሊንደን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ፣ የአንድ አሮጌ ቤት ላይኛው ፎቅ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስካን አደርጋለሁ፣ ማታ እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ እተኛለሁ። በቃ፣ ኑሮዬ ይኸው ነበር።

ውባለም የአሰላ ልጅ ናት፣ የሰፈሬ ልጅ። ቤታቸው ከቤታችን ሦስተኛው በር ነው። እናቷ እትዬ በላይነሽ እኔን ከልጃቸው ለይተው አይተውኝ አያውቁም። እናቴ አስካለ ገበያ ስትውል ምሳዬን የምበላው እነሱ ቤት ነበር፤ ሳጠፋም የሚቆነጥጡኝ እሳቸው ናቸው። ውባለም እኔ በመጣሁ በዓመቱ እሷም ደረሳት። እዚያው ዌርሃውስ አስገባኋት፣ ፎረስት ፓርክ አንድ ክፍል አገኘሁላት። እህት የለኝም፤ እህትሽ ማን ናት ብትሉኝ ያኔ ውባለም ነበር የምላችሁ።

2020 ላይ ዓለም ሲዘጋ እኛ አልተዘጋንም። አስፈላጊ ሠራተኞች ናችሁ ተብለን ማስክ አጥልቀን ካርቶናችንን እንገፋ ነበር። የተዘጋው ኦፍ ቀናችን ነው። ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ሠርግ የለ፣ ልደት የለ። አንድ ቅዳሜ መኪናዬን አስነሥቼ ዝም ብለን ወደ ሰሜን ነዳን። ኤሪ ሐይቅ ላይ ያሉትን ደሴቶች አየን። በሚቀጥለው ሚሺጋን ገባን። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመን? ጭላሎ ሥር ተወልዶ ኦሃዮ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው እግሩ ዳገት ይናፍቃል መሰለኝ። ሰው ያልበዛበትን ደሴት፣ መኪና የማይወጣውን ኮረብታ እየፈለግን፣ መንገዱ እስኪያልቅ በመኪና፣ ካለቀ በኋላ በእግር እንሄድ ጀመር። የሰፈራችን ሰዎች «ቱሪስቶቹ» አሉን። ሴቶቹ ደግሞ «እዚያ ጫካ ውስጥ ባል የለም፣ ተመለሱ» እያሉ ይቀልዱብናል።

እውነቱን ልናገር፤ ለውባለም ሽርሽር ነበር፣ ለእኔ ግን አባዜ ሆነብኝ። ግድግዳዬ ላይ ካርታ ሰቅዬ የደረስኩበትን በቀይ ስክሪብቶ አከብ ነበር። ገጼ ላይ ፎቶ እለጥፋለሁ፤ ሰው «አንቺ ጀግና» ሲለኝ ሳምንቱን ሙሉ ያንን እያነበብኩ እውላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሱፐርቫይዘር ስሜን በትክክል ጠርቶኝ የማያውቅ ሰው ነኝ፤ እዚያ ላይ ግን ስም ነበረኝ። ድራመንድ የምትባለውን ደሴት ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ስመኛት ነበር። ከሚሺጋን ጫፍ፣ ከትልቁ የማኪኖ ድልድይ ማዶ፣ ካናዳን ፊት ለፊት የምታይ ደሴት ናት። ሌበር ዴይ ለሚሉት የሠራተኞች ቀን ዕረፍት አንዲት የእንጨት ቤት በጸደዩ ቡክ አደረግኩ። ሦስት ቀን ኦፍ ለማግኘት ሁለታችንም ከአለቆቻችን ጋር ስንት ተነታርከናል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የውባለም ስልክ በርካሽ መስመር ስለነበር ከማኪኖ ድልድይ ወዲያ ይሞታል። የኔ ይሠራል። ውባለም በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ ይህ ታልፎ አያውቅም። ሰሜን ስንሄድ የኔን ስልክ ኢንተርኔት በሆትስፖት አካፍያት ነው የምትደውለው። ስለዚህ ከድልድዩ ማዶ በሷና በእናቷ መካከል ያለሁት እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ከሥራ ወጥተን ነዳን፣ ከድልድዩ ወዲህ አንድ ሞቴል አደርን። ቅዳሜ ጠዋት ውባለም መሪውን ያዘች። ድልድዩ ረጅም ነው፣ ወለሉ አንዳንዱ ቦታ የብረት ወንፊት ስለሆነ ከጎማው ሥር ያፏጫል፤ ውባለም «ሂሩት፣ አታናግሪኝ፣ ጸሎት ላይ ነኝ» እያለች አሻገረችን። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ ነድተን መኪና የሚያሻግረው ጀልባ፣ ፌሪው፣ የሚነሣበት ትንሽ መንደር ደረስን። ውባለም ውሃና ሙዝ ልግዛ ብላ ሱቅ ገባች። እኔ መኪናው ላይ ተደግፌ ሐይቁን ሳይ ስልኬ ጮኸ።

ጋሼ ሙሉጌታ ናቸው። ኮለምበስ ሃያ አምስት ዓመት የኖሩ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፤ የሁላችንንም የአገር ቤት ቤተሰብ ስልክ ደብተር ላይ ጽፈው የያዙ ሰው።

«ውባለም አጠገብሽ አለች?» አሉኝ።

የለችም፣ ሱቅ ገብታለች አልኳቸው።

«ጥሩ። እናቷ ትናንት ሆስፒታል ገብተዋል። ይኸው ኮቪድ ነው። በኦክስጅን ናቸው። እህቷ አዜብ አሁን ደውላልኝ ነው፣ የውባለም ስልክ አልሠራ አላት። እናትየዋ ድምጿን ልስማ እያሉ ነው።»

ልጥራት ወይ ስላቸው ተቆጡ።

«መኪና የምትነዳው እሷ አይደለችም እንዴ? በዚያ አገር መንገድ ደንግጣ ይዛሽ ትገለበጥ? እንዳትነግሪያት። ዛሬውኑ ይዘሻት ተመለሺ። ቤቷ ከገባች በኋላ ቁጭ አድርገን ቀስ ብለን እንነግራታለን። ሰምተሻል?»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

እንግዲህ ሁለት ነገር ነው የታዘዝኩት። አትንገሪ ተባልኩ፤ ዛሬ ተመለሺ ተባልኩ። ፌሪው ደግሞ አፉን ከፍቶ መኪና እያስገባ ነበር። ቆሜ አሰብኩ፣ አላሰብኩም አልልም። አሰላ ያኔ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ስልኩን ብሰጣት የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ደግሞ የምነዳው እኔ ልሆን እችላለሁ፣ እጄ አልተቆረጠ። ይህ ሁሉ በአእምሮዬ አልፏል። ግን ያቺ ደሴት እዚያ፣ ውሃው ማዶ፣ ዓይኔ ሥር ናት። ስምንት ሰዓት ነድቼ መጥቼ፣ ሳልረግጣት ስምንት ሰዓት ነድቼ ልመለስ? አሮጊቶች ሆስፒታል ይገባሉ፣ ይወጣሉ አልኩ ለራሴ። እትዬ በላይነሽን፣ ያጎረሱኝን ሴትዮ፣ «አሮጊቶች» አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ትእዛዝ ያዝኩ፣ ሁለተኛውን ጣልኩት። እንዳትነግሪያት መባሌ ተመቸኝ እንጂ አልከበደኝም። እዚህ ላይ ነው ራሴን የምጸየፈው።

ውባለም ውሃውን ታቅፋ እየሳቀች መጣች። ባለሱቁ ከየት ናችሁ ብሏት ኢትዮጵያ ስትለው፣ ይህን ሁሉ መንገድ ነድታችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ አለች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ቅዳሜ አይደል፣ ሆትስፖት ክፈቺልኝ፣ እማዬን ላናግራት» አለችኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ከዚህ ጀምሮ ኔትወርክ የለም» አልኳት። እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኩን እየዘጋው ነበር።

«ውይ» አለች፣ «ማታ እናገኝ ይሆናል» ብላ መኪናውን አስነሣች። ጠርጥራ እንኳ አላየችኝም። ፌሪው ላይ ወጣን።

ስለ ደሴቷ ብዙ ልጽፍላችሁ እችል ነበር። ለዚሁ ስል ነው ሁሉንም ያደረግኩት፣ እንግዲህ ትንሽ ስሙ። አስፋልቱ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ጥርጊያ ነው፣ ከዚያ ድንጋይ። መኪናውን አንድ ጽድ ሥር አቁመን በእግር ቀጠልን። መሬቱ ጠፍጣፋ ነጭ ድንጋይ ነው፣ አፈር የለውም፤ ጽዱ ከስንጥቁ መሀል ነው የሚበቅለው፣ ቁመቱ ከወገብ አይበልጥም ግን ግንዱ ያረጀ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ደግሞ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርጽ ታትሞ ይታያል። ትንኙ ቡድን ሠርቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ሰዓት ያህል ወጥተን ገደሉ አናት ላይ ስንደርስ ነፋሱ ሊጥለን ደረሰ። ከሥራችን ውሃ፣ ከፊታችን ውሃ፣ ከማዶ ቀጭን ጥቁር መስመር፤ ካናዳ ነው። አንድም ሰው የለም። ውባለም እጇን ዘርግታ ጮኸች። እኔ ግን ያ የተመኘሁት ደስታ አልመጣልኝም። ሆኖም ፎቶዬን አነሣሁ።

ውባለም ገደሉ አናት ላይ ቆማ ስልኳን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ ኔትወርክ ፈለገች። ወዲያ ትሄዳለች፣ ወዲህ ትመለሳለች፣ ድንጋይ ላይ ትወጣለች። «አንዲት መስመር እንኳ ብትሰጠኝ ምናለበት» ትላለች። እኔ በካሜራዬ እየቀረጽኳት «እንዲሁ ቁሚ፣ ያምርብሻል» አልኳት።

ቁጭ ብለን ሙዝና ቆሎ ስንበላ ምስጢር ልንገርሽ አለችኝ። ለገና ትኬት ቆርጣለች። ለእናቷ አልነገረችም፤ ድንገት በር ላይ ቆማ ልታስደነግጣቸው ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲሏት «ወረቀት ይቀረኛል» እያለች ስትዋሻቸው እንደኖረች፣ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሳቋ ሊያመልጣት እንደነበር ነገረችኝ። «እማዬ እኮ ድምፄን ሰምታ ነው የሚገባት። የደበቅኳትን ነገር ከትንፋሼ ታውቃለች» አለች።

ሽንቴ መጣ ብዬ ተነሣሁ። ጽዱ ጀርባ ሄጄ ስልኬን ከፈትኩት። ኔትወርኩ ወዲያው መጣ፣ ሦስት መስመር። ጋሼ ሙሉጌታ «ተነሣችሁ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጽፈዋል። አዜብ ደግሞ ድምፅ ልካለች። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት።

«ሂሩትዬ፣ የውቤ ስልክ አይሠራም። ሰው አያስገቡም፣ ግን ነርሷ ደግ ናት፣ ስልኩን የእማዬ ጆሮ ላይ አደርግላታለሁ ብላለች። አንድ ደቂቃ ብቻ። እባክሽ ፈልጊያትና ትደውል።»

ሃያ እርምጃ ነው በመካከላችን ያለው። ሄድኩ፣ ፊቷ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ቀና ብላ አየችኝና «ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች።

በዚያች ቅጽበት የታየኝ እትዬ በላይነሽ አይደሉም። የታየኝ ውባለም የምትጠይቀኝ ጥያቄ ነው። «መቼ ሰማሽ?» ትለኛለች። ከአራት ሰዓት በፊት፣ ፌሪው ላይ ሳንወጣ ልላት ነው።

«ሆዴን ቆረጠኝ» አልኳት። ተነሥታ ጀርባዬን አሸችኝ፣ ውሃ አጠጣችኝ፣ ቦርሳዬን ከራሷ ላይ ደርባ ተሸክማ አወረደችኝ።

ያንኑ ቀን መመለስ እንችል ነበር፤ ፌሪው እስከ ማታ ይመላለሳል። የተከራየናት የእንጨት ቤት ገብተን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። እሷ ሾርባ ሠራችልኝ። አልጋው ላይ ተኮራምቼ ነገ ይነጋል፣ ነገ በጠዋት እንሄዳለን፣ አንድ ቀን ምንም አይደለም እያልኩ ራሴን አስተኛሁ።

እሑድ ጠዋት ውባለም ፊቷን ስትታጠብ ደጅ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። የጋሼ ሙሉጌታ መልእክት ነው። «እናትየዋ አርፈዋል። ትናንት ለምን አልተመለሳችሁም? ዛሬ ይዘሻት ግቢ፣ ቤቷ አብረሻት እደሪ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንመጣለን። እስከዚያ ምንም ነገር እንዳትሰማ።»

«ፌሪው አምልጦን ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው።

መቼም ሥርዓታችንን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ታላላቅ ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ ቤት ድረስ ሄደው፣ ራሱን ቢስት የሚይዘው ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ደግ ሥርዓት ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ሥርዓቱ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩበት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዝም ማለቴ ግዴታ ሆነ፤ የቅዳሜው ዝምታዬም አብሮ ግዴታ የነበረ አስመሰልኩት።

ሲመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ። ውባለም ሙዚቃ ከፍታ ትዘፍናለች። ድልድዩን እንደተሻገርን ስልኳ ነፍስ ዘርቶ ትርትር ይል ጀመር። «ቆይ፣ ስጪኝ፣ ካርታ ልክፈትበት፣ የኔ ባትሪ አልቋል» ብዬ ከእጇ ነጠቅኳት ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ ጋ አቆምኩ። እሷ ሽንት ቤት ገባች። የስልኳን ቁልፍ ቁጥር አውቀዋለሁ፣ እህትማማች አይደለን?

አዜብ ዘጠኝ ጊዜ ደውላለች። ሁለት ሦስት መልእክት ጽፋለች፣ «ውቤ ነይልኝ፣ ደውይልኝ» የሚል። ከሥሩ ደግሞ አንድ የድምፅ መልእክት አለ። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። የአዜብ ልቅሶ ነው ብዬ ፈራሁት፣ አላዳመጥኩትም። ሁሉንም መርጬ አጥፋ አልኩት። ከሁለቱም ወገን፣ ከላኪዋም ስልክ፣ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ውባለም ከሽንት ቤት ስትወጣ አየኋት። አዎ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በደንብ አላስታውሰውም። ውባለም ቶሊዶ ከተማን ሳናልፍ ሦስት ጊዜ ወደ አሰላ ደወለች፤ እንዳታነሣ ተነግሯት ኖሮ አዜብ አላነሣችም። የእናቷም ስልክ ዝግ ነው። «ቅዳሜዋን ስለዘለልኳት ተቀይማኝ ነው» አለች ውባለም። «ይበለኝ፣ ነገ ለምኜ እታረቃታለሁ።» እኔ መንገዱን አያለሁ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው እሷ ናት። ጋሼ ሙሉጌታን አየች፣ ከኋላቸው ጥቁር የለበሱትን ሴቶች አየች፣ ከዚያ ማንም ምንም ሳይላት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ ናት?» ብቻ ነው ያለችው። የያዝኳት እኔ ነኝ። ደረቴ ላይ ተደፍታ ነው ያለቀሰችው፣ ሸሚዜ እስኪርስ። «ሂሩት፣ ቅዳሜ እኮ አልደወልኩላትም» ትለኛለች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች እህት ናት» እያለ አየኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሠልስት ዕለት፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል። አዜብ በቪዲዮ ደወለች፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁመን ሁላችንም እንሰማለን። ሁለቱ እህትማማቾች ተላቅሰው ትንሽ ጋብ ሲሉ አዜብ እንዲህ አለች፦

«ውቤ፣ ያ ድምፅ ግን ምን ይላል?»

«የቱ ድምፅ?»

«ቅዳሜ የላክሁልሽ። እማዬ እኮ ናት። ስልክሽ አልሠራ ሲል ነርሷ ቀድታልኝ ነው። ኦክስጅኑ ስለሚያፏጭ እኔ አልለይ አለኝ። ውቤ ትለየዋለች፣ እሷ የእማዬን ትንፋሽ ታውቃለች ብዬ ላክሁት። አሁን ከኔም ላይ ጠፍቶብኛል።»

ውባለም ስልኩን አነሣች። ፈለገች። ወደ ላይ አለች፣ ወደ ታች አለች። ከዚያ እጇ ቆመ፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ብቻ። ካርታ ልክፈትበት ብዬ የወሰድኩባትን ሰዓት እያሰበች እንደሆነ ገባኝ።

«መቼ ነው የነገሩሽ?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

«ቅዳሜ ጠዋት። ሱቅ ገብተሽ ሳለ።»

«ፌሪው ላይ ሳንወጣ?»

«ሳንወጣ።»

ጋሼ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ልጄ፣ ለአንቺ ተብሎ ነው፣ መንገድ ላይ ስለነበርሽ» ሊሉ ጀመሩ። አላየቻቸውም።

«ስንት ሰከንድ ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አልሰማሽውም?»

«አልሰማሁትም። ፈራሁ።»

«ብትሰሚው ኖሮ» አለች፣ «ቢያንስ ምን እንዳለች ትነግሪኝ ነበር።»

አልሰደበችኝም፣ አልጮኸችብኝም። ብትመታኝ ምንኛ በወደድኩ። ተነሥታ ጫማዬን ከተደረደረው መሀል ፈልጋ አወጣችና በሩ ፊት አስቀመጠችልኝ። አጎንብሼ አሰርኩት፤ ክሩ አልያዝ እያለኝ ስንት ደቂቃ እንደፈጀሁ አላውቅም፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እያየኝ። ወጣሁ።

በሳምንቱ ሽፍቷን ወደ ማታ አስቀየረች። የገናውን ትኬት ግን አልሰረዘችውም አሉ፤ ሄዳ ሐውልቱን አሠርታ መጣች። እኔ ካርታዬን ከግድግዳ አወረድኩ፣ ገጼን ዘጋሁ። ፎቶዎቹን አጠፋኋቸው፣ ከአንዱ በስተቀር። ገደሉ ላይ ቆማ ስልኳን ወደ ሰማይ የዘረጋችበት አለ፤ እሱን ማጥፋት አልችልም፣ ማየትም አልችልም።

ከሁሉ የከፋው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰዎች ሊያጽናኑኝ መምጣታቸው ነው። «አንቺ ምን አጠፋሽ? የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። ወጉ ነው» ይሉኛል። ወጉ እስከ ማለዳ የሚያቆየው የሞተን ሰው ዜና ነው። እትዬ በላይነሽ ቅዳሜ ጠዋት አልሞቱም ነበር። በሕይወት ያለች እናትን ከልጇ መደበቅ የማን ወግ ነው? እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አደራ፣ «እንዳትደነግጥ» ስትሉ ቆም ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የማን ድንጋጤ ነው ያስፈራችሁ? የሷ ነው ወይስ የናንተ? እኔ ስጠየቅ የምመልሰው የኔ ነበር ብዬ ነው። የኔ ድንጋጤ፣ የኔ ሽርሽር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም።

በቀጣዩ ዓመት፣ 2022 መገባደጃ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ዌርሃውሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አየሁት። ከዓመት በላይ ጮኾ የማያውቅ ቁጥር ነው። አነሣሁት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«እናትሽ ሆስፒታል ገብተዋል» አለች ውባለም። «ከትናንት ወዲያ ነው። ልባቸው ነው። ወንድሞችሽ ያውቃሉ፣ ጋሼ ሙሉጌታ ያውቃሉ፣ ሥራ ላይ ናት እንዳትደነግጥ ተብሎ አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው። አዜብ አሁን አልጋቸው አጠገብ ቆማለች። ደውዪ።»

ዘጋችው።

ደወልኩ። አዜብ አነሣችና አንዲት ቃል ሳትለኝ ስልኩን ለእናቴ ሰጠችልኝ። እናቴ ድምፅዋ ደክሞ «አንቺ ልጅ፣ የት ጠፍተሽ ነው?» አለችኝ። መለስኩላት። ካርቶን በሚገፉ ሰዎች መሀል ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ አወራን። እናቴ ዳነች፤ ዛሬም በሕይወት አለች።

በማግስቱ ውባለምን ላመሰግናት ደወልኩ። አላነሣችም። እንደገና ደወልኩ፣ አላነሣችም። እግዜር ይስጥሽ፣ ይህን ውለታ ምን ብዬ እከፍልሻለሁ ብዬ ረጅም መልእክት ጻፍኩላት። ማታ ሥራ ልትገባ ስትል መሰለኝ፣ አንድ መስመር መለሰችልኝ፦

«ለአንቺ ብዬ አይደለም። እትዬ አስካለ እየጠሩሽ ነበር።»